በእትዬ ዘውዴ ግንባር ላይ የነበረ ባሕር

አያቴ ፊቴን ማየት ሲፈልጉ ጆሮዬን ነው የሚያዩት። የዓይናቸው መሃል ጠፍቷል፤ የቀረላቸው ዳር ዳሩ ነው። ስለዚህ አንድን ነገር ለማየት ከጎኑ ያለውን ማየት አለባቸው። መጀመሪያ ሰሞን «አባባ፣ ጆሮዬ ላይ ምን አገኙ?» እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። «ቆሻሻ» ይሉኛል። ከእሳቸው ጋር እንዲህ ነን።

ስማቸው አቶ ወልደ ሚካኤል ነው። አገር ቤት ጂኦሎጂስት ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ገደል ሲወርዱና ድንጋይ ሲሰብሩ ነው የጨረሱት። እማዬ ስፖንሰር አድርጋ ቶሮንቶ ስታመጣቸው፣ ሻንጣቸው ሲከፈት ከሸሚዝ ይልቅ ወንፊት በዝቶ ተገኘ። አሁን ክሬሰንት ታውን በሚባል ሰፈር ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት፤ የምግብ ጠረጴዛችን ግማሹም የእሳቸው ነው። ሽሮው ከወዲህ፣ ማይክሮስኮፑ ከወዲያ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሥራ አለኝ። አባባ አፈሩን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ጭቃውን በወንፊት አጥበው ያስወጡታል፤ የሚቀረውን ደቃቅ ያደርቁታል። እኔ ከደረቀው ቆንጠር አድርጌ ጥቁር በተቀባ የብስኩት ክዳን ላይ እበትንና በማይክሮስኮፑ እያየሁ አንድ በአንድ እለቅማለሁ። የምለቅምበት ብሩሽ ጥቂት ፀጉር ብቻ ያላት ናት። ጫፏን በምላሴ አርሼ ፍሬውን ስነካው ይጣበቅልኛል። እማዬ ባየችኝ ቁጥር «በስመ አብ! አንቺ ልጅ፣ ነገ ሆዴን ብትዪኝ አልሰማሽም» ትላለች።

አፈር የምለው እኔ ነኝ እንጂ እሳቸው «ባሕር» ነው የሚሉት። እውነታቸውን ነው። ዳይኖሰር በነበረበት ዘመን ባሕሩ ሰሜን ሸዋ ድረስ ገብቶ ነበር አሉ። ኋላ ባሕሩ ሸሸ፤ ወለሉ ድንጋይ ሆነ፤ በላዩ ሌላ ድንጋይ ተከመረበት። ጀማ ወንዝ ገደሉን ሲቆርጠው ግን ያ የባሕር ወለል ከታች ብቅ አለ። በዓይን ብታዩት ተራ ግራጫ አፈር ነው። በማይክሮስኮፑ ስታዩት ግን አፋችሁ ይከፈታል። ፖፕኮርን የሚመስሉ ቅርፊቶች አሉ፤ በሕይወት ሳሉ ደቃቅ የባሕር ፍጥረታት ይኖሩባቸው ነበር። ክክ ባቄላ የሚመስሉም አሉ። እሾህ አለ፤ የዓሣ ቅርፊት አለ።

«አባባ፣ ፖፕኮርን አገኘሁ።»

«ፖፕኮርን የሚባል ነገር የለም። ስም አትስጪ፤ ያየሽውን ንገሪኝ።»

«ክብ፣ ክብ፣ ክብ የተጣበቀ።»

«እንዲህ ነዋ! ክቦቹ እንዴት ነው የሚሄዱት? ተጠምዝዘው ነው ቀጥ ብለው?»

ሕጋቸው ይሄ ነው። መጀመሪያ ስም የሰጠሽው እንደሆነ፣ ይላሉ፣ ከዚያ በኋላ የምታዪው ስሙን እንጂ ዕቃውን አይደለም። ስለዚህ እኔ ዓይን ነኝ፣ እሳቸው ስም አውጪ ናቸው።

ሁለታችንም የምንፈልገው ግን ሌላ ነው፤ የሻርክ ጥርስ። ፊልም ላይ እንዳለው ዓይነት አይደለም፤ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ጥርስ። ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ በወጣትነታቸው ጸጋአብ የሚባል የሥራ ጓደኛ ነበራቸው። ሁለቱ ከደብረ ሊባኖስ በታች ያለውን ገደል ሲወርዱ ጋሽ ጸጋአብ በእጅ ማጉያ አንዲት ጥርስ አዩ። «ና እያት!» ብለው መዳፋቸውን ሲዘረጉ ነፋስ ወሰዳት። አባባ ሳያዩዋት ጠፋች። ቢሮ ተመልሰው ሲናገሩ አለቃቸው «ሻርኩ ደብረ ሊባኖስ ለንግሥ መጥቶ ነው?» ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀባቸው። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ጸጋአብ በቢሮው «ሻርኩ» ሆነው ቀሩ። ጡረታ እስኪወጡ።

ጋሽ ጸጋአብ አሁን በሕይወት የሉም። ከማረፋቸው በፊት ግን በዚያ በደከመ ጉልበታቸው ሰው አስከትለው ወርደው፣ ከዚያው የድንጋይ ንጣፍ ላይ አፈር ቆፍረው ለአባባ ላኩላቸው። «አንተ ፈልጋት» ብለው። አፈሩ ቶሮንቶ ሲደርስ የአባባ ዓይን ሄዶ ነበር።

አንዲት ጥርስ ብትገኝ ጋሽ ጸጋአብ ያዩትን ነው የተናገሩት ማለት ነው። ሳትገኝ አፈሩ ካለቀ ደግሞ ሌላ የሚልክ የለም። አባባ ይሄን አውጥተው ብለውኝ አያውቁም። ግን ብሩሼን ባነሣሁ ቁጥር የሻይ ኩባያቸውን አፋቸው ጋ አድርሰው ይቆማሉ። እኔ «እሾህ ነው» ስል ነው የሚጠጡት።

አንድ ጊዜ «ጥርስ! አባባ፣ ጥርስ!» ብዬ ጮኬ ነበር።

«ምን ታያለሽ?»

«ጥርስ!»

«ሶልያና።»

ሙሉ ስሜን ከጠሩኝ ነገር አለ። «እሺ... ረጅም ነው። ሹል ነው።»

«ክብ ነው ጠፍጣፋ?»

«ክብ። እንደ እርሳስ።»

«ከዳር እስከ ዳር መስመር አለው? ታቹ ላይ ቀለበት የመሰለ ነገርስ?»

ነበረው። የባሕር ጃርት እሾህ ነው። ሻያቸውን ጠጡ። እኔም ለሚቀጥሉት ቀናት ትንሽ ዝም አልኩ፤ እማዬ አሞኛል ብላ ግንባሬን ለካች።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። አባባ የቀረውን የመጨረሻ አፈር አጥበው አደረቁና በትንሽዬ ላስቲክ ከረጢት አደረጉት። እማዬ ቤት ልታጸዳ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አንሡልኝ ስላለች፣ ከረጢቱን ማንም እጁን በማያሳርፍበት ቦታ አስቀመጡት። ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የእመቤታችን ሥዕል ያለበት መደርደሪያ። ከረጢቱ ላይ እኔ ራሴ በማርከር የመጣበትን ቦታ ጽፌበታለሁ፤ «ደብረ ሊባኖስ»።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስገባ መደርደሪያው ላይ ሻማና መጽሐፍ ብቻ ነው ያለው።

«እማዬ፣ እዚህ የነበረው ከረጢት የታለ?»

እማዬ ተናኘ ትባላለች፤ የአረጋውያን ቤት ነው የምትሠራው። የሥራ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። «እምነቱን ነው? ለእትዬ ዘውዴ ወሰድኩላቸው።»

አባባ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ነበር። አልዞሩም።

ለማያውቅ ልንገር። እምነት የምንለው ከገዳም የሚመጣ ደቃቅ አፈር ነው፤ የታመመ ሰው ግንባሩንና ያመመውን ቦታ ይቀባዋል። ግራጫ ነው። በትንሽዬ ላስቲክ ነው የሚመጣው። ላዩ ላይ የገዳሙ ስም ይጻፍበታል። ሰዉም ሥዕል ሥር ነው የሚያስቀምጠው። እማዬ ላይ ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ይሄን ሳስበው መልሼ ዘጋሁት።

«አባዬ ተልኮላቸው ቆጥበው ያስቀመጡት ነው ብዬ እኮ ነው» አለች እማዬ፣ የሁለታችንን ፊት እያየች። «እትዬ ዘውዴን ዶክተሮቹ ከዚህ በላይ አንችልም ብለው ወደ ቤት ልከዋቸዋል፣ ታውቃላችሁ። ስቀባቸው አለቀሱ። ከዚያ ተኙ። ስንት ሌሊት ሲያቃስቱ የከረሙ ሰው ጭልጥ ብለው ተኙ!... ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ?»

«ሁሉንም ቀባሻት?» አሉ አባባ።

«ግንባራቸውንና ሆዳቸውን። የተረፈውን ትራስጌያቸው አደረግሁላቸው።»

«የጸጋአብ ነው።»

እማዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቀጥሎ አንድ ጫማ ብቻ አድርጋ ወደ በሩ ሄደች። «አሁን ሄጄ አመጣዋለሁ!»

«ተናኘ፣ ተቀመጪ። ምን ልትያት ነው?»

እማዬ የቀረውን ጫማ አውልቃ ተቀመጠች።

«ሰው ግንባሩ ላይ የቀባውን መልስ አይባልም» አሉ አባባ። ቀጥለው ወደ ጆሮዬ አዩ። «አንቺም አፍሽን ያዢ።»

ተነሡና በዳበሳ ማይክሮስኮፑን ሸፈኑት። ያን ዕለት ማታ ጠረጴዛው ላይ እንደልባችን ዘርግተን በላን። ደስ አይልም ነበር።

እትዬ ዘውዴ ሕንጻችን ውስጥ ከእኛ በታች ይኖራሉ። በደርግ ጊዜ በሱዳን አድርገው የወጡ ናቸው፤ እዚህ ዕድሜያቸውን የካፖርት ፋብሪካ ውስጥ ሲሰፉ ነው የኖሩት። እኔና እማዬ በበረዶው ክረምት ስንመጣ የለበስነው ካፖርት እሳቸው የሰጡን ነው፤ የእኔን እጅጌ እያሳጠሩ «ረጅሙ ምላስሽ ነው እንጂ ክንድሽ አጭር ነው» ያሉኝ ትዝ ይለኛል። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጃቸው ሩቅ ከተማ፣ ካልጋሪ ነው። ስለዚህ እኔም እሳቸው የተቀቡትን ከግንባራቸው ላይ የምጠርግ ጨካኝ አይደለሁም። ግን ትራስጌ ያለው ከረጢትስ? እሱ እኮ ገና አልተቀባም።

አባባ በየቀኑ መስኮቱ ጋ ይቀመጣሉ። ከመስኮቱ የሚታየው ወደ ቪክቶሪያ ፓርክ የምድር ባቡር ጣቢያ የሚሄደው ሰው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሰዉ አይታያቸውም። ይሄን ሳይ እቅድ አወጣሁ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ጋ ሄጄ እውነተኛ እምነት ለመንኩ። «ለማን ነው?» አሉኝ። «ለታመመ ሰው» አልኩ። ሐሰት የለበትም። መልኩ አንድ ነው፤ ከረጢቱም አንድ ነው። ላዩ ላይ በማርከር «ደብረ ሊባኖስ» ብዬ ልጽፍ ብዕሩን አነሣሁና ተውኩት። ያ ሐሰት ነበር የሚሆነው።

በማግስቱ እማዬ ለእትዬ ዘውዴ አጥሚት በፔርሙዝ አስይዛ ላከችኝ። በራቸው አይቆለፍም፤ ተነሥተው መክፈት ስለማይችሉ። አልጋቸው ሳሎን ወጥቷል። ተኝተዋል። እንዴት እንደቀለሉ ስነግራችሁ፣ ብርድ ልብሱ ሥር ሰው ያለ አይመስልም። ግንባራቸው ላይ ግራጫው ደርቆ እንደ መሬት ተሰነጣጥቋል። ከረጢቱ ከውዳሴ ማርያማቸው አጠገብ ነው። የእኔን ከኪሴ አወጣሁ፤ የእሳቸውን አነሣሁ።

«ወዴት ነው እሱ?»

ዓይናቸው አልተገለጠም።

«እንዴ፣ እትዬ ዘውዴ... አልተኙም?»

«ሰው ሲሰርቀኝ አልተኛም።»

«እየሰረቅኩ አይደለም። እየቀየርኩ ነው።»

«ሌባ ሁሉ የሚለው እሱን ነው። ነይ ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልኩ። ያኔ ዓይናቸውን ገለጡ። የሚያምር ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፤ አፌ ውስጥ ጠፋብኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይሄኛው እውነተኛው እምነት ነው፤ ያኛው የአባባ ነው፤ የባሕር ወለል ነው፤ እማዬ አላወቀችም።

«የባሕር ወለል» አሉ። «ታዲያ ምን አለበት ውስጡ?»

«ቅርፊት። እሾህ። የዓሣ ነገር። ምናልባት ደግሞ ሻርክ።»

ጣታቸውን ወደ ግንባራቸው ሰደዱ።

«በሁዳዴ?»

«አዎ።»

«ተናኘ በሁዳዴ ዓሣ ቀባችኝ?»

ሳቁ። ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እያመማቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ አመለጥኩ ብዬ። «ቢወጋኝ ቢወጋኝ ደብረ ሊባኖሶች ሳይነፉት የላኩት ነው ብዬ ዝም አልኩ እኮ! ቅንድቤ ላይ አንዲቱ እስከ አሁን ትቆነጥጠኛለች» አሉ። ቀስ በቀስ ግን ሳቃቸው ቀነሰና እኔ ብቻዬን እየሳቅሁ ቀረሁ።

«ታዲያ ያን ቀን እንቅልፍ የወሰደኝ በምንድን ነው?»

እኔ መልስ አላጣም። አስተማሪዎቼን ጠይቁ። ያን ጊዜ ግን፣ «አላውቅም» አልኩ።

«ደብረ ሊባኖስን አይቼው አላውቅም፣ ሶልዬ። እናቴ ልትወስደኝ ተስላ ነበር፤ ሳንሄድ ቀረን። ኋላ አገሩን ጥዬ ወጣሁ። እናትሽ ይዛው ስትመጣ፣ እግሬ ባይደርስ አፈሩ ደረሰልኝ ብዬ ነው ያለቀስኩት።»

«ከዚያው እኮ ነው» አልኩ። «ከገደሉ ሥር ነው እንጂ ከዚያው ነው።»

«ከገደሉ ሥር» ብለው ደገሙት። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ተኙ ብዬ ልነሣ ስል፣ «ለምን ራሳቸው መጥተው አልጠየቁኝም?» አሉ።

«ሰው ግንባሩ ላይ የቀባውን መልስ አይባልም አሉ።»

ከታች ከመንገዱ የአውቶቡስ ድምፅ ይሰማል። አጥሚቱን ቀድቼ ሰጠኋቸው፤ ሁለቴ ጎንጨት አድርገው መለሱልኝ።

«ቅዳሜ ጠዋት ይምጡ በያቸው። ያንን ማያ ይዘው። ፊቴ ላይ ምን እንደከረመ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።»

አባባ ስነግራቸው ጆሮዬን ይዘው ጎተቱኝ። አያመልጣቸውም፤ ሁልጊዜ እሱን ነው የሚያዩት። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሙሉ ልብሳቸውን ለበሱ፤ ከረባት ሳይቀር። ከእማዬ ጋር ሆነን ማይክሮስኮፑን በላውንደሪ ልብስ ማመላለሻ ጋሪ ላይ በብርድ ልብስ ጠቅልለን ወደ ኤሌቬተሩ ገፋነው። አንዲት ሴትዮ «ህፃን ነው?» ብላ ልታይ ጎንበስ አለች።

«ዘውዴ» አሉ አባባ በሩ ላይ ቆመው፣ «ይቅርታ—»

«ይቅርታውን ይተዉትና ይቀመጡ። ተናኘ፣ አንቺ ውኃ ለብ አድርጊ። ዓሣውን አንሡልኝ፤ ጾመኛ ነኝ።»

እማዬ ፊቷ ቀልቶ ነበር፤ ይሄን ስትሰማ ግን ከንፈሯን ነክሳ ሳቀች። ግንባራቸውን በንጹሕ ጨርቅ አጠበች፤ እኛ ፊታችንን አዙረን ሆዳቸውንም። ጨርቁን ያጠበችበትን ውኃ አባባ በወንፊት አሳለፉት፤ አንዲት ጠብታ አላፈሰሱም፤ በዓይን ሳይሆን በጣት ነው የሚሠሩት። ወንፊቱ ላይ የቀረውን ማሞቂያው ሂተር ላይ አደረቅነው። እስኪደርቅ ድረስ እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን እምነት በመስቀል ምልክት ቀባቻቸው። እትዬ ዘውዴ «በስመ አብ» ብለው ሲጨርሱ፣ ይሄኛውን በጣታቸው ነካ አድርገው «እውነትም አይወጋም» አሉ።

ማይክሮስኮፑን የአልጋ ጠረጴዛቸው ላይ አቆምኩ፤ የደረቀውን ጥቁሩ የብስኩት ክዳን ላይ በተንኩ። በትራስ ደገፍናቸው፤ ዓይናቸውን ማያው ላይ አደረጉ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በሌላው ተመለከቱ። ከዚያ በቀስታ፣ «የጌታ ያለህ» አሉ።

«ምን ታያለሽ?» አሉ አባባ። ሲጨነቁ አንቱታውን ይረሱታል።

«ቁልፍ አለ። የካፖርት ቁልፍ።»

«ስም አትስጪው—»

«እሺ፣ አይቆጡ! አምስት ማዕዘን ነው፤ መሃሉ ቀዳዳ አለው። ቢሰፋ ይሰፋል።»

አባባ ፈገግ አሉ። «የባሕር ሊሊ የሚባል ነው፤ አበባ የሚመስል እንስሳ። ግንዱ እንደ ቁልፍ ተደርድሮ ነው የሚሠራው።»

እንዲህ እያሉ ሄዱ። እኔ ክዳኑን በትንሽ በትንሹ እገፋለሁ፣ እሳቸው ያያሉ፣ አባባ ስም ያወጣሉ። እትዬ ዘውዴ በየመሃሉ ያርፋሉ፤ እማዬ ውኃ ታቀምሳቸዋለች። ደክሟቸዋል። «ይብቃ» ልል ስል እጃቸውን አነሡ።

«አንዲት ጥቁር ናት። ታበራለች።»

አባባ ኩባያ አልያዙም ነበር፤ ግን እጃቸው አየር ላይ ቆመ።

«ቅርጿ?»

«መሃሏ ላይ አንድ ትልቅ ሹል አለ። በቀኝ ጎኑ አንድ ትንሽ ሹል። በግራ በኩል ተሰብራለች።»

«ላይዋ ለስላሳ ነው?»

«አይደለም። መስመር መስመር አላት። ከታች ወደ ላይ፤ ቀሚስ እጥፍ እጥፍ ሲደረግ እንደሚሆነው።»

«መስመሩ ጫፍ ይደርሳል?»

«ቆይ... አይደርስም። ጫፏ ልሙጥ ነው።»

«ከታችስ? ሥሯስ?»

«ከታች አታበራም። ሻካራ ናት። ቀዳዳ ቀዳዳ፤ እንደ ስፖንጅ።»

ቀና ብለው አባባን አዩዋቸው። የአባባ ፊት ምን እንደሚመስል እኔም አየሁ። እትዬ ዘውዴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አቶ ወልደ ሚካኤል፣ ጥርስ ናት ልበልዎት? ደስ የሚልዎት ከሆነ እላለሁ» አሉ።

«አይበሉ።»

«እሺ።»

«ሶልዬ፣ አንቺ እያት። እሷ ያለችውን ሳትደግሚ።»

ጎንበስ አልኩ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። እዚያ ጥቁሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ከፍሬው ሁሉ መሃል እሷ ብቻ እርጥብ ትመስላለች። የማውቀውን ስም ዋጥኩት። «ትልቁ ሹል ቀጥ አላለም፤ ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ብሏል። ባዶ ቱቦ አይደለም። በጎን ያለው ትንሹ ከእሱ ጋር አንድ ነው፤ ተጣብቆ የመጣ አይደለም።»

አባባ ጥያቄዎቹን በሙሉ ከመጀመሪያው ጀምረው እንደገና ጠየቁን። የተራ ዓሣ ጥርስ ሾጣጣ ቱቦ ነው፤ የጎን ሹልም፣ እንዲህ ያለ ሥርም የለውም። እየጠየቁ አንድ በአንድ ይቀንሱት ነበር፤ ይሄ አይደለም፣ ያም አይደለም። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ሻርክ ነው» አሉ። «ትንሽ ሻርክ። ርዝመቱ ከዚህ አልጋ የማይበልጥ።»

ይህች ቀን ስትመጣ የምጮህ ይመስለኝ ነበር። ማንም አልጮኸም። እማዬ አማተበች። እትዬ ዘውዴ ትራሳቸው ላይ ተመለሱና ቅንድባቸውን ዳበሱ።

«ያቺ ናታ! ቆነጠጠችኝ እላለሁ፣ ለካ ነክሳኝ ኖሯል። ዕድሜዋስ?»

«መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት ግድም።»

«ታላቄ ናት» አሉ።

አባባ መነጽራቸውን መልሰው አድርገው፣ «ዘውዴ፣ ካልደከሙ ከዚሁ አንድ ስልክ ልደውል? ለጸጋአብ ልጅ» አሉ። አገር ቤት ገና ምሽት አልሆነም። ቁጥሩን ፈልጌ ደወልኩ፤ ስፒከር ላይ አድርጌ ፎኔን በእሳቸውና በአልጋው መሃል ያዝኩት። ጋሽ ጸጋአብ አንዲት ልጅ ነው ያለቻቸው፤ ኤደን ትባላለች። አነሣች። ከኋላዋ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። ስለ ጤና ተጠያየቁ፤ አባባ እንዲህ ሰላምታ ሲቸኩሉ አይቼ አላውቅም።

«ኤዱዬ፣ ተገኘች። አባትሽ ያያት ጥርስ ተገኘች።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ፎኑን አየሁ።

«የምን ጥርስ፣ ጋሼ?»

«የሻርኩ። የጀማዋ... አልነገረሽም?»

«አልነገረኝም። አባዬ የሥራውን ነገር እቤት አያነሣም ነበር።»

አባባ ወደ እኔ አልዞሩም፤ ወደ ማንም አልዞሩም። በመላው ቢሮ ስማቸው ሆኖ የኖረውን ነገር ጋሽ ጸጋአብ ለልጃቸው አንድ ቀን እንኳ አላወሩላትም። አሁን ደግሞ ነገሩን የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው የቀረው፤ እሳቸውም እንዲህ ክንዳቸውን አንጠልጥለው ተቀምጠዋል። ፎኑን ልዘጋው አውራ ጣቴ ተንቀሳቅሶ ነበር።

«ታዲያ ይንገሯታ!» አሉ እትዬ ዘውዴ ዓይናቸውን ጨፍነው። «ከመጀመሪያው ይጀምሩ። እኔም እኮ ግማሹን ነው የሰማሁት፤ ይቺ ልጅ እየዘለለች ነው የነገረችኝ።»

«ማን ናቸው?» አለች ኤደን ከወዲያ።

«ጥርሷን ያገኙት ሰው ናቸው» አሉ አባባ።

ወንበራቸውን ወደ አልጋው አስጠጉ፤ እጃቸውን በዳበሳ ልከው የትራሱን ጫፍ ያዙ። እማዬ ሂተሩን ከፍ አደረገች። እኔ ክንዴ እንዳይደክም ክርኔን ፍራሹ ላይ አሳረፍኩ።

«ክረምቱ የወጣ ሰሞን ነው» ብለው ጀመሩ አባባ። «መንገዱ ገና ጭቃ ነበር። አባትሽ ከፊት ነው፣ እኔ ከኋላ። እሱ ሲወርድ ይዘፍናል፤ ድምፁ ደግሞ አይጣል ነው...»